«ተሽሎኛል» ያልኩ ዕለት

ሰው ፊት ስናገር ድምፄ ይጠፋል። ትምህርት ቤት ሳለሁ መምህሩ ሲጠይቀኝ መልሱን እያወቅሁ አንገቴን ደፍቼ እቆም ነበር። የተማርኩትም እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ይህን የምጽፈው በአፌ ማለት ያቃተኝን በእጄ ለማለት ነው። ደግሞም ከረጅም ሕመም ቀና ብሎ «እስቲ ሥራ ልሞክር» የሚል ሰው እኔ ሳላውቅ የገባሁበትን አውቆ እንዲገባ ነው። ተናድጄ ነው የምጽፈው። ንዴቴ እስኪበርድ ብጠብቅም አልበረደም።

ነጂማ እባላለሁ፤ የቡታጅራ ልጅ ነኝ። ከመታመሜ በፊት እንሴኖ አንድ የበርበሬ መጋዘን ውስጥ እሠራ ነበር። ሴቶች ክብ ሠርተን እንቀመጥና የነጣውን ከቀዩ እንለያለን፣ ጭራውን እንቀነጥሳለን። ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ማለት ስለሆነ ወገቤን ሲያመኝ «መቀመጡ ነው» አልን። ማታ ማታ ላብ ሲያጠምቀኝ «የበርበሬው ሙቀት ነው» አልን። ቀሚሴ እየሰፋኝ ሲሄድ ደግሞ ሴቶቹ ፍቅር ይዟታል ብለው ሳቁብኝ። ሰው መታመሙን ማመን ካልፈለገ ምክንያት አያጣም።

ጤና ጣቢያ ሄጄ ደም ሰጠሁ፤ ታይፎይድ ነው ተባልኩ። መድኃኒቱ አለቀ፣ ሕመሙ አላለቀም። ተመልሼ ብሄድ ታይፎይዱ አገርሽቷል ተብሎ ሌላ ታዘዘልኝ። ቀጥዬ የግል ክሊኒክ ገባሁ፤ እዚያ ደግሞ ኩላሊት ሆነ። ኩላሊት ነው ያለኝ ባለሙያ ጀርባዬን አላየም፣ በእጁም አልነካኝም። ጥያቄውን እየጠየቀ ስልኩን ይመለከት ነበር። ወገቤ ላይ አንድ እብጠት እንዳለ ልነግረው አፌን ከፍቼ ተውኩት፤ ልብስሽን አውልቂ ይለኛል ብዬ አፈርኩ። እህቶቼ፣ የሚያሳፍራችሁን ቦታ አስቀድማችሁ ተናገሩ። የኔ በሽታ ተደብቆ የቆየው እዚያው ያፈርኩበት ቦታ ላይ ነው።

አባቴ ከሞተ ወዲህ ገበያ ቆጮ እየሸጠች ያሳደገችኝ እናቴ ናት። ሐኪሞቹ ሲሰለቿት ወጌሻ ዘንድ ወሰደችኝ። ወጌሻው ቅቤ ቀብቶ ካሸኝ በኋላ «አጥንቷ ተዛንፏል» ብሎ እብጠቱን በጉልበቱ ተጫነው። የጮህኩትን ጩኸት ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ከዚያ ቀን ወዲህ እግሮቼ መደንዘዝ ጀመሩ። የጀርባ አጥንት አይታሽም። ከዚህ ጽሑፍ ይህን ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱም ለእኔ ድካሜ አልባከነም።

ከክሊኒክ ክሊኒክ የሚያመላልሰኝ ባጃጅ የሚነዳው ወንድሜ ሙክታር ነበር። እኔና እማ የምንኖረው እሱ ግቢ ውስጥ ባለች ክፍል ነው። ሚስቱ መጀመሪያ ዝም አለች፣ በኋላ ድስት ስታስቀምጥ ማንኳኳት ጀመረች፣ በመጨረሻ «የኛ ልጅስ?» አለችው። አልፈርድባትም። ያገኘው ሁሉ ወደ እኔ ነበር የሚሄደው። ግድግዳው ስስ ስለሆነ በእኔ የተነሣ ሲጣሉ ቃል በቃል ይሰማኛል። ትራሱን ጆሮዬ ላይ አድርጌ፣ አላህ ወይ ይማረኝ ወይ ይውሰደኝ እያልኩ ጣሪያውን ሳይ የነጋብኝ ሌሊት ብዙ ነው።

አንድ ጠዋት ከደጅ ስመለስ አንዱ ነጠላ ጫማዬ እግሬ ላይ የለም። ዞር ብዬ ሳይ መንገዱ መሐል ቀርቷል። ሲወልቅ አልታወቀኝም። እማ ያን ጫማ አንሥታ እንደ ያዘች ቁጭ ብላ አለቀሰች። በዚያው ዕለት ሆስፒታል ወሰዱኝ።

አግዳሚ ወንበሩ ሞልቶ ስለነበር ሲሚንቶው ላይ ተኛሁ። ተራዬ ገና ሩቅ ነበር። ከአገና የመጡ አንዲት እናት ከወንበራቸው ወርደው ጭንቅላቴን ጭናቸው ላይ አሳረፉት። ስማቸው ሲጠራም እኔን አስቀድመው አስገቡኝ። እማ እንዴት ይሆናል ብትላቸው፣ «የኔ በሽታ ያረጀ ነው፤ መጠበቅ ለምዷል» አሏት። ማን እንደሆኑ አላውቅም። ዱዓ ሳደርግ ግን እሳቸውን አልረሳም።

ያየችኝ ወጣት ሴት ሐኪም ናት። ጀርባዬን ገልጣ በጣቷ ከአንገቴ ጀምራ ወደ ታች ወረደችና እብጠቱ ላይ ስትደርስ ቆመች። ውስጥ እግሬን በቁልፍ ጫረችው። እስከ ዛሬ ይህን ማንም አላየም ወይ ብላ ጠየቀች። ማንም። አዲስ አበባ ኤምአርአይ ለሚሉት ምርመራ ላከችን፤ ሰውነትን ሳይቀድ ውስጡን የሚያሳይ ትልቅ ማሽን ነው። ሙክታር የሸጠውን እዚህ አልቆጥርም። ውጤቱ የአከርካሪ አጥንት ቲቢ ሆነ። ቲቢ ሳንባን ብቻ የሚይዝ ይመስለኝ ነበር። አጥንትም ይበላል። አጥንቱ ሲበላ ጎብጦ ወደ እግር የሚወርደውን ነርቭ ይጫነዋል። ሐኪሟ ደግሞ አንድ ትልቅ ነገር ነገረችኝ፤ ቶሎ ቢታይ ኖሮ እግሬ ባልደረሰ ነበር።

መድኃኒቱ በነፃ ነው። ዓመት ሙሉ ዋጥኩት። ጎረቤት ብርጭቆ ለየብኝ። የኔው ዓይነቱ እንደማይተላለፍ እማ እየዞረች ብትናገርም ብርጭቆው እንደተለየ ቀረ። ሙክታር ግቢው ውስጥ ሁለት የባሕር ዛፍ አግዳሚ ተከለልኝ። እነሱን ይዤ መቆም፣ ከዚያ እግሬን እየጎተትኩ መሄድ ለመድኩ። የቀኝ እግሬ አውራ ጣት መጀመሪያ የተነቃነቀ ቀን የሙክታር ሚስት ናት አይታ እልል ያለችው። ድስት ስታንኳኳ የነበረችው እሷ። ከዚያ በአንድ ክራንች መሄድ ቻልኩ። ግራ እግሬ ግን እስከ ዛሬ ይጎተታል፤ ረጅም ከተቀመጥኩ ወይም ከቆምኩም ወገቤ እንደ እሳት ይሆናል።

ተኝቼ ሳለሁ ነው ስለ ድጋፉ የሰማነው። መሥራት ለማይችል ሰው በየወሩ በባንክ የሚገባ ገንዘብ ነው፤ ቀጥታ ድጋፍ ይሉታል። የሰፈሩ ኮሚቴ ቤት ድረስ መጥቶ አየኝ። ሰብሳቢው ጋሽ ወንድሙ ናቸው፤ በመንግሥት ሥራ ከሰሜን መጥተው እዚሁ ጡረታ የወጡ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የሚያውቁኝ፣ የአባቴ ወዳጅ። በተኛሁበት አይተውኝ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ተመዘገብኩ። ገንዘቧ ትንሽ ናት፤ ግን የኔ ነበረች። ከእሷ ጋር ደግሞ የጤና መድን ያለ ክፍያ ስለሚሰጥ ለክትትል ስሄድ ሙክታርን አልለምንም። ሰው ለማስታገሻ ክኒን እንኳ እጁን ዘርግቶ ከኖረ በኋላ አለመለመን ምን እንደሆነ የታመመ ያውቀዋል።

በክትትሉ ሐኪሟ ቤት መዋሉ ይበቃሻል አለችኝ። ተቀምጠሽ የምትሠሪው፣ ሲያምሽ የምታቆሚው ቀላል ሥራ ሞክሪ፤ ጡንቻሽ ካልሠራ ይተኛል አለች። ሞክሪ የሚለው ቃል የሷ ነው። ልብ በሉልኝ።

ከኛ ቤት አለፍ ብሎ የእትዬ ከድጃ ወፍጮ ቤት አለ። በርበሬ ገዝተው፣ አዘጋጅተው፣ አስፈጭተው ይሸጣሉ። እጄ የለመደው ሥራ ስለሆነ ጠዋት ጠዋት እየሄድኩ መቀንጠስ ጀመርኩ። ወገቤ ሲነድ ባዶ ጆንያ ላይ ጋደም እላለሁ። መጀመሪያ ቀን አፍሬ ስነሣ እትዬ ከድጃ፣ «እዚህ ቤት በርበሬውም ተኝቶ ነው የሚውለው፤ አንቺም ተኚ» አሉኝ። የሚከፍሉኝ የቀነጠስኩትን ያህል ነው። አንዳንድ ሳምንት አንድ ቀን ብቻ እሄዳለሁ፤ አንዳንድ ሳምንት ጭራሽ አልሄድም። ቢሆንም እጄ በርበሬ በርበሬ ሲሸት ሰው የሆንኩ መሰለኝ።

አንድ ጠዋት ጋሽ ወንድሙ ሽሮ ሊያስፈጩ መጡ። እኔ በሩ አጠገብ ነበርኩ።

«ነጂማ፣ እንዴት ነሽ ልጄ? ተሻለሽ?»

«አልሐምዱሊላህ ጋሼ፣ ተሽሎኛል።»

ይኸው ነው። እሳቸው ይመስገነው ብለው ሽሯቸውን ይዘው ሄዱ። እኔም ወደ በርበሬዬ ዞርኩ። ምን ልል ኖሯል? ታላቅ ሰው ጤናሽ እንዴት ነው ሲል፣ ወፍጮ ቤት በር ላይ፣ ወገቤ ይነዳል፣ ሽንቴ አንዳንዴ ያመልጠኛል ይባላል? በኛ አገር ይህ ጥያቄ መልሱ ከጥያቄው ቀድሞ የተሰጠ ነው። በቃሬዛ የሚሄድ ሰውም የሚመልሰው እንዲሁ ነው።

ከዚያ ወር በኋላ ባንክ ብሄድ ምንም አልገባም። በሚቀጥለውም አልገባም። ቀበሌ ሄድኩ። መስኮቱ ጋ ያለችው ሠራተኛ በኔ ዕድሜ ናት። ከዝርዝሩ መውጣቴን ነገረችኝ፤ ኮሚቴው ዳግም ሲያጣራ ድኜ ሥራ መጀመሬ ታውቋል አለች። አልዳንኩም ልላት ፈልጌ፣ ድምፄ ጠፍቶ የወጣው አንድ ቃል ነው።

«ሞከርኩ» አልኳት።

«መሞከር የሚባል ነገር የለም እህቴ» አለችኝ። «ወይ ትሠሪያለሽ፣ ወይ አትሠሪም።»

ክፉ ልጅ አይደለችም፤ ወንበር አምጥታ አስቀምጣኛለች። መሥራት የሚችል ድሃ የሚገባበት ሌላ በር እንዳለም ነገረችኝ፤ መንገድ መጥረግ፣ ቦይ መቆፈር። እዚያ ላከችኝ። የቦዩ ሥራ ኃላፊ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝና፣ «ክራንቹን በየትኛው እጅሽ፣ አካፋውን በየትኛው እጅሽ ልትይዢ ነው?» አለኝ። እዚያ የቆሙት ሰዎች ሳቁ። መሥራት የማትችል ሰው አልመዘግብም ብሎ ወደ ቀበሌ መለሰኝ።

እንግዲህ ተመልከቱ። በአንዱ በር እችላለሁ፣ በሌላው በር አልችልም። በሁለቱም በር ግን አልገባም። የታመምኩ እለት እንኳ እንዲህ አልተቃጠልኩም። በሽታው ቢያንስ አንድ ነገር ነበር የሚለኝ።

የሕክምና ቦርድ ያስፈልጋል ተባለና፣ ማለትም ሐኪሞች ተሰብስበው ምን ያህል እንደተጎዳሁ የሚወስኑበት፣ ከእማ ጋር በአገና በኩል በሚኒባስ ወልቂጤ ሄድን። መንገዱ ወገቤን ምን እንዳደረገው አልናገርም። ከጠዋት እስከ ከሰዓት ጠብቀን ስንገባ፣ ከመሐል የተቀመጠው ጎልማሳ ሐኪም ፈገግ ብሎ «እንዴት ነሽ?» አለኝ።

«ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ።»

አፌ ነው፤ እኔ አይደለሁም። እማ ክራንቼን በእግሯ መታችው። ሐኪሙ ሳቀና፣ «ደህና ከሆነች ምን አመጣዎት እማማ?» አላት። እማም፣ «ደህና የሚለው አፏ ነው ልጄ። እግሯን ጠይቀው» አለችው። እሱ መሳቁን ትቶ ተነሥቶ እግሬን ጠየቀው። ቀስ ብሎ፣ በመርፌ እየነካ፣ እያስቆመ፣ እያስቀመጠ። ከባድ ሥራ እንደማልችል፣ ተቀምጬ እያረፍኩ ጥቂት ሰዓት ብቻ እንደምችል ወሰኑ። ደስ ብሎን ተመለስን። እውነቱ ይኸው ነው፤ ከዚህ በላይም ከዚህ በታችም አይደለሁም።

ቀበሌ ስንደርስ ከዚያ ሁሉ ውስጥ «ትችላለች» የምትለዋ ብቻ ተነበበች።

እማ አልተወቻቸውም። ቅሬታ የሚሰማበት ቀን ተቀጠረልን። አዳራሹ ውስጥ እንደኔ የተሰረዙ ብዙ ሰዎች ነበሩ። ከፊት ኮሚቴው፣ መሐላቸው ጋሽ ወንድሙ። ስሜ ተጠርቶ ክራንቼን ተደግፌ ቆምኩ። ጋሽ ወንድሙ ፊታቸው ተጨንቋል።

«ልጄ፣ እኔ በአንቺ ላይ ክፋት የለኝም» አሉ። «ግን ልዋሽ? ራስሽ ተሽሎኛል አልሽኝ። ሥራ ላይ ነው ያገኘሁሽ።»

ሰዉ ዞሮ አየኝ። እንደ ትምህርት ቤቱ አንገቴን ደፋሁ። ወለሉ ላይ የክራንቼ ጫፍ ይታየኛል፤ ጎማው አልቆ ብረቱ ወጥቷል። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ አባቴ ትዝ አለኝ።

«ጋሼ» አልኩ። ድምፄ ለራሴም የሌላ ሰው መሰለኝ። «አባቴ ሊሞት ሲል መጥተው ጠይቀውት ነበር። ምን አለዎት?»

ቆባቸውን አውልቀው፣ «ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ አለኝ» አሉ።

«በማግስቱ ቀበሩት» አልኳቸው።

ቁጭ አልኩ። ከኋላዬ አንዲት ሴት ስታለቅስ ይሰማኛል። ኮሚቴው እርስ በርሱ ተነጋገረና ሌላው አባል ውሳኔውን ተናገረ፤ ድጋፌ ይመለሳል፣ መድኑም ይመለሳል፣ ነገር ግን ወፍጮ ቤቱን መተው አለብኝ። እየሠሩ መሥራት አልችልም ማለት አይሆንም። ትተዪያለሽ ወይ አሉኝ። እማን አየኋት። ለሚቀጥለው ክትትል ቀጠሮዬ ቀርቦ ነበር። እተዋለሁ አልኩ።

ድጋፉ ተመለሰ። እኔ ቤት ተቀመጥኩ። ሰው ሁሉ እንኳን ደስ አለሽ ሲለኝ እኔ ግን በየቀኑ እየነደድኩ ነበር። ያን ሁሉ ወር በባሕር ዛፍ አግዳሚ ያነቃሁት እግር ተመልሶ መድረቅ ጀመረ። ጠዋት ስነሣ ግራ እግሬን በእጄ አንሥቼ ከአልጋ ማውረድ ሆነ። ለክትትል ስሄድ ሐኪሟ ምን ሆነሽ ነው ሥራውን የተውሽው ብላ ተቆጣችኝ። ነገርኳት። ጭንቅላቷን በሁለት እጇ ያዘች። እንድታመም የሚከፍለኝ ገንዘብ ነው የያዝኩት። ለመዳን ስሞክር የሚቀጣኝ። ይህን ደንብ ያወጣ ሰው አንድ ቀን እንኳ የራሱን እግር በእጁ አንሥቶ አያውቅም።

እትዬ ከድጃ ሊጠይቁኝ መጥተው መላ አመጡ። «ከጓዳ ሆነሽ ቀንጥሺ፤ መጋረጃ እጋርድልሻለሁ፣ ማንም አያይሽም።» ደግ ናቸው። ሙክታርም ጥሩ ነው አለ። ብዙዎች እንዲህ እንደሚያደርጉም ነገሩኝ፤ ተደብቀው የሚሰፉ፣ ተደብቀው ቸርቻሪ የሆኑ። አልፈርድባቸውም። እኔ ግን እብጠቴን የደበቅሁ ቀን ምን እንዳተረፍኩ አውቃለሁ።

እንደኔ ላላችሁ የምላችሁ አለኝ። ሥራ ከመሞከራችሁ በፊት ሄዳችሁ ለኮሚቴው ተናገሩ፤ ሰው አይቶ ከሚናገርባችሁ። ሐኪሙ «ትችላለች» ብቻ ብሎ እንዳይተው ለምኑት፤ ምን እንደማትችሉ ይቅደም። ብቻችሁን አትሂዱ፤ አፋችሁ እንደኔ የሚከዳችሁ ከሆነ እንደ እማ ያለ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ይህን ሁሉ አድርጋችሁም ላይሆን ይችላል።

ያለፈው ሳምንት ወደ ወፍጮ ቤቱ ተመለስኩ። እትዬ ከድጃ ወደ ጓዳ ሲያሳዩኝ ራሴን ነቀነቅሁ። በርጩማዬን በሩ ላይ፣ ከመንገዱ ፊት ለፊት አደረግሁ። ክራንቼን ሁሉም እንዲያየው ከበሩ ላይ ሰቀልኩት። ጥቂት እቀነጥሳለሁ፣ ወገቤ ሲነድ እዚያው በሩ ላይ ጆንያ አንጥፌ እጋደማለሁ። የሚያልፍ ሁለቱንም ይይ። ድጋፌን ሊያቋርጡት ይችላሉ፤ አውቃለሁ። እማም ታውቃለች፤ ጠዋት ክራንቼን ያቀበለችኝ እሷ ናት።

ትናንት ጋሽ ወንድሙ በዚያ በኩል አለፉ። አይተውኝ ቆሙ። ቆባቸውን አነሣ አድርገው፣ እንደ ድሮው፣

«ነጂማ፣ እንዴት ነሽ ልጄ?» አሉኝ።

በእጄ የያዝኩትን በርበሬ አስቀመጥኩ። ዓይናቸውን አየሁ።

«ለሰላምታ ነው ለኮሚቴ ጋሼ?»

ገና መንገዱ መሐል ነበሩ። አንድ ባጃጅ ጥሩንባ ነፋባቸው። ወደ በሩ ጠጋ ብለው ክራንቼን አዩት፣ ጆንያውን አዩት።

«ለሰላምታ ነው» አሉ ቀስ ብለው።

«እንግዲያው አልሐምዱሊላህ» አልኳቸው።